የማገጥ ድርሻ

ከሐደራ ማዶ፣ ቀዩ አሸዋ ላይ፣
ይርዳው ተንበርክኮ የማገጥ ቅጠል ሲያይ፣
ነጭ ነጥብ ወጥቶበት ጠርዙ ደርቋል፤
ሣሩ ግን ከጎኑ አምሮበት ይስቃል።

ሥሩ እንደ ፀጉር ነው፤ ጓዳውን ፈትሾ
ፖታሽየም ይለቅማል አስቀድሞ ደርሶ።
ማገጥ ይሉኝታ አለው፤ እጁን የታጠበው
ገበታው ሲነሣ፣ ሁሉም ሲጠግብ ነው።
ያውም ናይትሮጅን ከአየር እየቀዳ
ሣሩን ሲመግበው ከርሞ እንደ እንግዳ!

ሦስቴ ታጭዶ ሄደ። ድርቆሹን የጫነው
ነጋዴ ደረሰኝ የጻፈው ለሣር ነው፤
አፈሩ አልተቆጠረም።

ነገ ከረጢቱ
ከሙት ባሕር ይመጣል፣ ዓሣ ከሌለበቱ።
ይርዳው ለኤልዳድ፦ «ልጄ፣ አንዴ አትበትነው፤
ግማሹን አቆየው፣ ከአጨዳ በኋላ ስጠው።
ድምፅህንም ቀንስ፤
ሣሩ ከሰማማ ጠቅልሎ ነው ሚውጠው።»