ከሩቁ ጎማ

ቶሎሳ ማክሰኞ ማታ ሒሳብ ሲያስረክብ፣ ሦስት መቶ ጎደለ።
«ፍሬኑ ልል ሆኗል፤ ዘይት ጨመርኩለት፤ ሰኞም ጨምሬ ነበር» አለ።

ባለንብረት ነኝ እንጂ መሪ ጨብጬ አላውቅም፤
ቢሆንም የተነገረኝን ሁሉ አላምንም።
ላቀው ካለፈ ይኸው ሦስት ዓመት፣
በጎማ ስም፣ በካንዴላ ስም፣ በዘይት፣
ስንት ብር ወጣ ከዚህ ቤት!
«መኪናዋ ትጠጣለች» ይሉኛል፤
የሚጠጣው ማን እንደሆነ ሽታው ይነግረኛል።

ረቡዕ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከነቶሎሳ ካራ ወጣሁ፤
ጭቃውን ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥኩ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ በድሩ ጋራዥ መጣሁ።

በድሩ ሞተር አላስነሣም፤ አንዲት ቡሎን አልፈታም።
በበሩ እጁን ሰዶ ፔዳሏን በመዳፉ ጫናት፤ ምንም አላለም።
እንደ ሐምሌ መሬት ሰመጠች።
ደገመ፤ ትንሽ ጠነከረች።
ሠለሰ፤ ቆመች።
እጁን ሳያነሣ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤
አልወረደችም።
«ማስተሩ ደህና ነው።»

(የማስተር ዋጋ ብዙ ሺህ ነው። ይህን ሲል ነው ያመንኩት፤
ሌባ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ነበር የሚነሣበት።)

«ሲደጋገም የሚጠነክር ፔዳል አየር ገብቶት ነው፤
አየር የገባበት ደግሞ፣ ዘይት የወጣበት ነው።»

የኋላ ግራውን በክሪክ አነሣ፤ ጎማውን ፈታ፤
ታምቡሩን በመዶሻ ዙሪያውን መታ፣ መታ።
ወጣ። ውስጡ ርሷል፤ ሸራው ዘይት ጠግቧል፤
ጎሚኒው ጠርዙ ላይ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰንጥቋል።
ቶሎሳን አየሁት፤ ቶሎሳ መሬቱን አየ።
ሦስት መቶውን ልቤ መለሰለት፤ አፌ ግን ዘገየ።

አዲስ ጎሚኒ፣ አዲስ ሸራ ገባ፤ ስምንት ሰዓት ሆነ።
«ልጄ ዛሬ ቀርቷል፤ ቶሎሳ ከሥር ሃይላንዱን ይያዝልኝ፤
እርስዎ ወንበሩ ላይ ይውጡና፣ ፔዳሏን ይርገጡልኝ።»

ላቀው አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠበት ወንበር፤
ስፖንጁ በእሱ ልክ ጎድጉዶ፣ እኔን ሊውጠኝ ነበር።

«ከሩቁ ጎማ ነው የሚጀመረው» አለ በድሩ ከሥር፤
«ከቅርቡ የጀመረ፣ አየር ሲያሳድድ ያድር።»

«ይርገጡ!» ረገጥኩ። ደጋገምኩ።
«ይያዙ!» ያዝኩ።
ከታች በመፍቻ ሲያላላ፣ እግሬ እስከ ወለሉ ሄደ፤ ልቤም ተከተለው።
«ሳልልዎት እንዳይለቁ! ከለቀቁ መልሳ አየር ነው የምትስበው!»
አጠበቀ።
«አሁን ይልቀቁ።»

በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከጎማው እስከ ሃይላንዱ ቀጭን ቱቦ፣ የግሉኮስ ቱቦ።
ይህን ቱቦ አውቀዋለሁ።
አንድ ወር ሙሉ ጠብታ ቆጥሬበታለሁ።

ቶሎሳ ሃይላንዱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፦
የከረመ ሻይ የመሰለ ዘይት፣ ላዩ አረፋ፣ አረፋ፣
አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ሲሰፋ።

ሁለተኛው ጎማ ላይ «ይርገጡ» ነበር፤ ሦስተኛው ላይ «እርገጪ» ሆነ፤
«እርስዎ» የሚለው ቃል ከአየሩ ጋር ተነነ።
«እርገጪ።» «ያዢ።» «ልቀቂ።»
«እርገጪ።» «ያዢ።»
ቅር አላለኝም። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያዘዘኝ የለም፤
ያዘዘኝን ያህል ያመነኝም የለም፤
ጣቶቹ ከታች ናቸው፣ እግሬ ከላይ።

አረፋው አለቀ። ዘይቱ ጠራ።
ፔዳሏ እግሬ ሥር፣ ገና ከላይ፣ «እምቢ» አለች።
እምቢ ስባል ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሒሳብ ላይ ተከራከርኩ፤ ያው እኔ ነኝ፤ ሁለት መቶ አስቀነስኩ።
በድሩ እጁን በኦሞ እየታጠበ ሳቀ።

ስንመለስ ጋቢና ተቀመጥኩ።
የካራ ቁልቁለት፣ ካፊያ፣ ፊት ለፊት አሸዋ የጫነ ሲኖ፤
ቶሎሳ ፍሬን በያዘ ቁጥር፣ እኔም ባዶውን ወለል እረግጣለሁ፣
ጫማዬ እስኪጨማደድ።
በዐይኑ ጫፍ አየኝ።
«ይዟል እትዬ፤ ይልቀቁ።»

ኮተቤ እስክንደርስ አልለቀቅኩም።