ከምድጃው ማዶ

ታርቱ፣ ኅዳር ሲያልቅ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል፣
ጨለማው ወረደ ከበረዶው እኩል።
አይቬ ራውተር ልትገዛ ሱቅ ገብታ ቆማለች፣
ከካርቶን ካርቶን ዐይኗን ታዘልላለች።
አንዱ ስምንት አንቴና፣ በጀርባው የተኛ ሸርጣን ይመስላል፤
አንዱ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ የዝይ ዕንቁላል ያህላል።

ሻጩ ራይት፣ ጺሙ ገና ያቀመቀመ፣
ቁጥር ላይ ቁጥሩን ከመረ፣ ደገመ።
«ይኸኛው ይበራል!»
                    «ይብረር፤ ግን ቤቴን ልንገርህ፣ ስማ፤
የእንጨት ነው፤ ሲነፍስ ሲጥ ሲጥ ይላል እንደ አዲስ ጫማ።
መሀሉ ላይ የጡብ ምድጃ፣ ጣሪያ ድረስ ያለ፣
ቤቱን ወዲህና ወዲያ አርጎ ከፈለ።

ወዲህ ልጄ ካሬል፣ ጨዋታው ሲያነክስ ጠረጴዛ የሚደበድብ፣
ሁለት ስልክ፣ የእኔ ሥራ፣ ፊልም ላይ የተጣደ ባል፣ መቼም የማይጠግብ፤
ወለል የሚጠርግ ክብ ሮቦትም አለ፣
ደፍ ሲያይ የሚደነግጥ፣ መንገድ የጠፋበት እየመሰለ።

ወዲያ ግን አማቼ ኤንዴል ናቸው፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት፤
አሮጌ የኢንተርኔት ሬዲዮ አለቻቸው፣ የባሕር ወሬ የሚሰሙባት።
ጀልባቸው ከተሸጠ ሃያ ዓመት አለፈ፤
ሞገዱን ሳይሰሙ ግን ዐይናቸው መቼ አረፈ?»

ራይት ካርቶኑን አስቀመጠ። ዝም አለ። ከዚያ፦
«ሬዲዮዋ አዲሱን ሞገድ ታውቃለች?»
                    «የለም።»
«እንግዲያ ሸርጣኑ ይቅርብሽ። ፈጣኑ ሞገድ ጡብ አይወድም፤
ሜዳ ላይ ነው ሩጫው። ሁለት ነጥብ አራት ግን፣ ያ ዘገምተኛው፣
ጡብ ለጡብ ዳብሶ ያልፋል፤ ደርሶ ነው የሚተኛው።»

በእኔ ፊደል ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፣
አራት ነጥብ ይዘጋል፤
በአይቬ ቤት ግን ሁለት ነጥብ አራት ግድግዳ ያሻግራል።

ገዛች፤ መካከለኛውን፣ ሁለቱን ሞገድ በየስሙ የሚጠራ፣
ከሸርጣኑ በግማሽ የረከሰ፣ አንድ መብራት ብቻ የሚያበራ።
ፈጣኑን ካሬል ሰየመው፤ ስሙ ጸያፍ ነው፣ ይቅር።
የዘገምተኛውን ኤንዴልን ጠየቀች፣ ከምድጃው ሥር።
«ሳልሜ» አሉ፣ ሳያስቡ፣ ቶሎ፤
የተሸጠችው ጀልባ ስም፣ ከአፋቸው ዘሎ።

ማታ። ካሬል ይጮኻል፤ ሮቦቱ ደፍ ላይ ነው እንደተለመደው፤
ምድጃው ትከሻ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ካልሲ ይደርቃል፣ አንደኛው።
ከጡቡ ማዶ የሴት ድምፅ ይሰማል፦
«ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፤ ጭጋጉ ይገፈፋል፤
ሞገዱ ሁለት ነጥብ —»
ግንድ ተንጣጣ፤ ቀሪው ተደፋ።
ኤንዴል ግን ሰምተውት መሰል፣ በበራቸው ሥር መብራቱ ጠፋ