ሜክሲኮ በአንድ ትንፋሽ

ጠዋት ለገሃር ላይ ድምፄ ሰው ይጠራል፤
«ሜክሲኮ! ሳር ቤት!» ሲል አስፋልት ይሰብራል።
ስምንት ሰዓት ሲያልፍ
ባፍንጫዬ በኩል መውጣት ይጀምራል፤
አሥር ሰዓት ላይ ግን
«ሜክ…» ብሎ ተነስቶ፣ «ሲኮ» አፌ ውስጥ ያድራል።

የግራ ዐይኔ ቆብ፣ እንደ ሱቅ መዝጊያ፣ ቁልቁል ሲንሸራተት
ሾፌሬ ጥጋቡ «ዛሬም ቀምሰሃል» አለኝ በትዝብት።
ምን ቀመስኩ ወንድሜ! ፍትፍት ማላመጥ እንኳ
እንደ ድንጋይ ፈለጣ አድክሞኝ፣
መንጋጋዬን በእጄ ደግፌ ስታገል ጀንበር ጠለቀችብኝ።

ከቸርችል ጎዳና ከፍ ብሎ፣ ሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ዶክተር ኅሊና የበሽታዬን ስም በፈረንጅ አፍ ጽፋ
ወደ እኔ ቋንቋ መለሰችው፦ «ዘበኛህ ነው።
ከሌባ ሊጠብቅህ ደምህ ውስጥ የቆመው
ባለቤቱን ራሱን ሌባ ብሎ ያዘው።
ማሰልጠኛቸውም እዚህ ነው» አለች፣ ደረቴን በጣቷ ነክታ፤
«በልጅነትህ ከስማ መቅረት የነበረባት እጢ። እናውጣት።»
«ከዚያስ እድናለሁ?»
እስክሪብቶዋን ከደነች።
«ከፊሉ ይድናል። ከፊሉ ኪኒን ይቀንሳል።
ከፊሉ እንዳለ አለ።
አንተ የትኛው እንደሆንክ ቢላው አይናገርም፤
ጊዜ ነው የሚያውቀው፣ እሱም አይቸኩልም።
እስቲ በአንድ ትንፋሽ ቁጠር።»
አሥራ አራት ላይ አለቀብኝ።

አልጋ ስጠብቅ አምስት ወር። ከዚያ አጥንቴን በመጋዝ ከፈቱ።
ስድስት ቀን ማሽን ተነፈሰልኝ።

በዚያ ሳምንት የተከፈትነው ሦስት ነበርን።
ሐረገወይን ተማሪዋ ዘንድሮ ኪኒን የሚባል አታውቅም፤
ተሳፍራ ባገኘኋት ቁጥር ሒሳብ አልቀበላትም።
አብዱልሰመድ፣ የተክለ ሃይማኖቱ ልብስ ሰፊ፣
በዋዜማው ጫፉን በዓይኑ ለክቶ
«ይህን ሱሪህን ስንወጣ አሳጥርልሃለሁ» ብሎኝ ነበር።
ሱሪዬ እንደረዘመ ነው።

እኔ? መሐል ላይ።
ሁለት ክረምት አልፎ ኪኒኔ ከስድስት ወደ ሦስት ወርዷል፣
ፋርማሲው «አለ» ባለ ቀን።
ጠባሳዬ ባቡር የተወው ሐዲድ ነው፣ ሰፈሬን ይመስላል።
ዶክተሯ ዛሬም ታስቆጥረኛለች፤ ሠላሳ አንድ ደርሻለሁ፣
ደስ ይላታል፣ ትጽፋለች።
እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው።

ትናንት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዝናብ፣
ዐይኔ ግማሽ ወርዶ፣ በሩን በአንድ እጄ ይዤ
«ሜክሲኮ» ብዬ እስከ «ኮ» ድረስ ሄድኩ።
ሰው ተጋፍቶ ገባ። ወንበሮቹን አየሁ።
ጥጋቡ ሞተሩን አስነስቶ «ሞላ?» ሲለኝ
«አንድ ሰው ቀረ» አልኩት።