ደህና ነኝ

ዓጅማን፣ ሌሊት ስድስት፤ ልብስ ማጠቢያው ቆሟል፤
ስልኬ ውስጥ የድመት ጭፈራ ይታያል።
ማስታወቂያው፣ ኳሱ፣ ሲያልፍ መስመር ዘልቆ፣
የኔ ድምፅ ኬላ ላይ ይቀራል ተናንቆ።

ሽቦው አንድ፣ ባሕሩ አንድ፣ ብርሃኑም እኩል፤
ማነው በር ላይ ቆሞ «ይሄ ይለፍ» የሚል?

«ሕግ ነው» አለኝ ሻጂ፣ ሩዜን እየለካ፤
«ድምፅ ሃምሳ ድርሃም ነው፤ ጽሑፍ ግን አይነካ።»

ጽሑፍስ? እናቴ ፊደል አልቆጠረች፤
በጎረቤቷ ልጅ ዓይኖች ታነባለች።
እጄን ማቃጠሌን፣ ደሞዝ መከልከሌን፣
በቶፊቅ አፍ ላውጣ የጓዳ በደሌን?

«ደህና ነኝ» ብዬ ላክሁ፤ በረረ ሳይከፍል።
ውሸት ነፃ ያልፋል፣ እውነት ግን በጥቅል።

ድመቷ አሁንም ትጨፍራለች።