የጎደለች ስፌት

በታርቱ ከተማ፣ «ሾርባ» በሚሉት ሰፈር፣
በአተር መንገድ ዳር፣ ከእንጨቱ አጥር ሥር፣
ቪልቬ ተንበርክካ፣ ከጎመኗ መደብ፣
በአጉሊ መነጽር ታነባለች ተርብ።

አርባ ዓመት ሙሉ ኮት ሰፍታ የኖረች፣
የጠርዝ መንሻፈፍን ከሩቅ የምትለይ ነች።
ጉልበቷ ቢከዳት፣ ዓይኗ አልከዳትም፤
የሩዝ ፍሬ በማታህል ተርብ ላይ ስፌት አይስታትም።

ወገቧ እንደ ክር፤ ቀንዷ ዕረፍት አያውቅ፣
ቅጠሉን ይዳብሳል
ገበያ እንደ ወጣች ሴት፣ ስትመርጥ ጨርቅ።
ጭራዋ ላይ መርፌ።
«መናደፊያ ነዋ!» አለ ኡርማስ፣ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ፣
የመርዝ መርጫውን በትከሻው አድርጎ።
«አይደለም» አለችው፣ ቀናም ሳትልለት፣
«መርፌ ሁሉ አይደለም ሰው ለመውጋት።
አባጨጓሬ ገላ ውስጥ እንቁላሏን ትሰፋለች፣
ክሯን ሳትቋጥር ትታው ትሄዳለች።»

መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ ከፊት ክንፏ መካከል
የፈረስ ራስ የሚመስል መስኮት ካለ፣ አንድ ቤተሰብ ነው፤
አንዲት አጭር ሥር ከጎደለች ግን፣ ወገኑ ሌላ ነው።
ቆጠረች። ደገመች። ለሦስተኛ ጊዜ አየች።
አንዲት ስፌት ጎደለች።
በሰው ኮት ላይ ቢሆን ፈትታ ታቃናው ነበር፤
እዚህ ግን ጉድለቷ ነው የሚናገር
ማንነቷን።

ገጹን ስትገልጥ፣ ከሥዕሉ ላይ
ደርቆ የቀረ ትል፤ ጠጋ ብላ ስታይ፣
ቢጫ ቢጫ ጎጆዎች፣ በሐር የተጀቦኑ፣
እንደ ገብስ ፍሬ የተከማቹ በጎኑ።

እጇ ቆመ።
ታውቃቸዋለች። ሠላሳ በጋ ሙሉ
በአውራ ጣቷ ጨፍልቃለች፤ ለልጅ ልጆቿም አሳይታ፦
«የትል እንቁላል ነው፤ እንዲህ፣ ጭፍልቅ! ጎመን የሚድነው በዚህ ብቻ።»
ለካ ዘበኛዋን ነበር።

ዘበኛ ስል ደግሞ ቅድስት አትምሰላችሁ፤
ልጆቿ ከውስጥ ይበላሉ፣
ልቡን ለመጨረሻ ትተው፤ እንግዲህ እወቁ ብያችሁ።

«ምን ሆንሽ?» አላት ኡርማስ። አልመለሰችም።
ጣቷን ሽርጧ ላይ ጠረገች፤ ጣቷ ግን አልቆሸሸም።
ከዚያ እርሳስ አወጣች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች፦
«ነሐሴ ዘጠኝ። ሦስተኛ መደብ። ተርብ፣ ሴት።
ወገኗ ታወቀ። ስሟ ገና።»

ኡርማስ አልረጨም፣ መርጫውንም አላወረደ፤
ዝም ብሎ ቆመ፣ አንድ እግሩን እንዳስቀደመ።
ተርቧ ግን ስም አልጠበቀች፤
ከአጥሩ በላይ ተሻግራ፣
እሱ ጎመን ላይ አረፈች።