ግማሽ ነጥብ

ስሙ ወንድይፍራው ነው። እኔ ወንድ አይደለሁም፤
ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ካለሁበት አልሸሸሁም።
የኮሌጁ አዳራሽ አንድ መስታወቱ ወልቆ
የጠባሴ ንፋስ ይገባል፣ ወረቀታችንን ነጥቆ፤
ዳኛው በጋቢው ላይ ካፖርት ደርቦ
"ስድስተኛ ዙር" አለ፣ ስማችንን አንብቦ።

እጁ ሽንኩርት ይሸታል፦ ከሸዋ ሮቢት ቆላ
ሌሊቱን አይሱዙ ነድቷል፣ አንዲት ጉርሻ ሳይበላ።
እኔም ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከማታ ፈረቃ፣
የሱፍ ብናኝ ቅንድቤ ላይ፣ ዓይኔ በወጉ ሳይነቃ።

ነጭ ደረሰኝ።
ከንጉሡ ፊት ያለውን ሁለት ቤት ገፋሁ፤ እሱም የእሱን ገፋ።
ቀጥዬ ጎረቤቱን ሰጠሁት፣ በነጻ፣ በይፋ።
"ብላ" አልሁት በሆዴ። በላ።
በአምስተኛው ፈረሴን ጨመርሁ፤ ዙሪያችንን ሰው ሞላ።

የአንኮበሩ አጎቴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ
ተራ አይጠበቅም፤ ወረራ ነው፣ እኩል ይሮጣሉ ሁለቱ፣
የመጀመሪያው ሬሳ እስኪወድቅ ድረስ።
ዛሬ ሰዓት አለ፤ ተራ አለ፤ ይሉኝታም አለ፤
ልቤ ግን በድሮው ሕግ ይጋልባል፣ አጥር እየዘለለ።

ጥቁሩ ንጉሥ ጣራ አጥቶ መሐል ሜዳ ወጣ
(የመንዙን ማለቴ አይደለም)፤ ንግሥቴ ተከተለችው በቁጣ።
ሃያ ሁለተኛው ላይ
እጄ ወደ ግንቤ ሄደ፣ አየር ላይ ቀዘቀዘ፣ ተመለሰ።
እሱ ወደ ወለቀው መስኮት ዞሮ አፍንጫውን አበሰ።

ቼክ። ሸሸ። ቼክ። ተመለሰ። ቼክ። ሸሸ።
ሦስት ደቂቃ ቀርቶኛል፤ አዳራሹም መሸ።
"ጣርማበር ሆነ" አለ ሳቅ ብሎ፣ "ዋሻውን እንደ መመላለስ፤
በዚህ ስገባ ጉም፣ በዚያ ስወጣ ፀሐይ፤ ደግሞ ጉም፣ ስመለስ።"
እጁን ዘረጋ። ጨበጥሁት። ዳኛው ግማሽ ግማሽ ጻፈ፤
የዋንጫው ነገር በሌላ ሰው ጠረጴዛ አለፈ።

ኮሪደሩ ላይ መብራት ሄዶ፣ በስልኩ ብርሃን
ጠጠሮቹን መልሶ ደርድሮ አሳየኝ ያንን፣
ያልሄድሁትን፦ ግንቡ ዝም ብሎ አንድ ቤት ፈቀቅ ቢል
ንጉሡ አልቆለት ነበር።
"አይቼዋለሁ እኮ" አለኝ፣
"እንዳታዪው ብዬ ነው መስኮቱን ሳይ የቆየሁት።"
እኔም ምን አየ ብዬ
አብሬው መስኮቱን አይቼ ነበር።

ይኼኔ ቁልቁለቱን ይዟል፣ ባዶውን፣ ሽንኩርት ሊጭን።
እኔ ማሽኔ ፊት ቆሜአለሁ፤ መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፤
አንዱ ብርድ ልብስ አልቆ ሌላው ይጀመራል።
አለቃዬ ሳያየኝ
በአየር ላይ፣ በሁለት ጣት፣
ግንቡን አንድ ቤት ፈቀቅ።