እሳት መጫር

በወረርሽኙ ወር፣ በሞጣ ሆስፒታል፣
የኦክስጅን ማሽን ለሰው ይተነፍሳል፤
ይተነፍስ ነበር። ሐሙስ ማታ ቆመ፤
ስንሻው ፈታታው፣ ከሆዱ ለቀመ
አንዲት ስንጥቅ ቫልቭ፣ ባቄላ 'ምታህል፣
ተሸጉጣ የኖረች ከብረቶቹ መሃል።

«ይህቺንማ» አለ፣ «ይህቺንማ እኔ
ከጀሪካን ክዳን እቀርጻለሁ፣ ለክቼ በዓይኔ።»

ልኳን ሊጠይቅ ብሎ ለወኪል ደወለ።
«ቅርጿ ፓተንት አለው፤ እንዳትነካ» አለ፤
«ዋናዋ እንድትላክ ደብዳቤ ጽፈናል፤
አገሩ ግን ዛሬ፣ ለራሱ ሲል፣ ወደቡን ዘግቷል፤
ሲፈቀድ፣ ሲጫን፣ ጅቡቲ ሲራገፍ…
ሦስት ወር ነው እንግዲህ፣ አራትም ቢያልፍ።
ቀርጸህ ብትገጥም ግን፣ ስሙ ዘረፋ ነው።»
ስንሻው ቅኔ ቤት ዓመታት የኖረ ነው፤
«እኛ ዘንድ» አለው፣ «የሚዘርፍ የተማረ ነው።»
ስልኩ ተዘጋ።

ሦስት ወር።
የቀረው ሲሊንደር ለሦስት ቀን አይበቃም።
ሰባት ቁጥር አልጋ ደርበው ተኝቷል፤
ቢቸና ገበያ እህል ይሰፍር ነበር፣
ዛሬ እሱ ራሱ ቁና ቁና ይተነፍሳል።
ማን ይሰፍርለታል?

እሳት የጠፋባት ሴት በእኛ መንደር
ገል ይዛ ትቆማለች ከጎረቤት በር፤
ፍም ተጭሮ ሲሄድ ምድጃው አይጎድልም፣
«የማን ነው ነበልባሉ?» ብሎ ሰው አይልም።

ይህን ጽፌ ልዘጋ፣ ፈረንጅ ልወቅስ ስል
መሪጌታ ይኄይስ መጡብኝ።
የእባብ መርዝ የሚያከሽፍ ሥር ያውቁ ነበር፤
ልጃቸው ቢለምን፣
«ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሸሻል» አሉ፤
ከነሥሩ ተቀበሩ።
በሰልስታቸው ቀን እግሯ ያበጠ ሴት
እያነከሰች ከደጃቸው ደረሰች፤
እኛ ለቅሶ ደራሽ መሰለችን።

ቅዳሜ ሌሊት ግምጃ ቤት ውስጥ
ሞረድ ሲያፏጭ አደረ።
እኔ፣ የመድኃኒት ጸሐፊው፣ ባትሪ ያዝኩ፤
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑም አብሮ፤
«ቀጥ አድርገው እንጂ!» ይለኛል ተማርሮ።
ሁለቱን አበላሸ።
ሦስተኛዋ ገባች።
ማሽኑ አንዴ ሳለ። ዝም አለ።
ደግሞ ሳለ፣
ከዚያ እንደ ሰው፣ ረጅም፣ ሳበ።

ጠዋት በጥገናው መዝገብ
«የተቀየረ ዕቃ፣ ከየት እንደመጣ» በሚለው ረድፍ
ስንሻው እስክሪብቶ ይዞ ብዙ ቆየ።
«ቫልቭ» ብሎ ጀመረ፤ ሰረዘው።
«ከጎረቤት እሳት ተጫረ» ብሎ ጻፈና
ፈረመ፤
ለእኔም አቀበለኝ፣ ምስክር ብሎ።